«በይ እንሂድ» የሚል ፕሮግራም

በኮምፒውተር መስኮት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የኤክስ ምልክት የፈጠረው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሐዘን ቤቱን አንኳኩቶ አያውቅም። አንኳኩቶ ቢሆን ኖሮ ስንት የተደከመበት ነገር በአንድ ጣት ንክኪ ድራሹ እንዲጠፋ አይፈቅድም ነበር። እስቲ አስቡት። የሱቅ በር እንኳ ሲዘጋ ይንጫጫል፤ ብረቱ አልወርድም ብሎ ሰው ያስለምናል። እኛ ደግሞ እንግዳ ስንሸኝ «ምነው ቁጭ በሉ እንጂ»፣ «አይ፣ መሸብን»፣ «በሞቴ ትንሽ» እንባባልና በሩ ላይ ቆመን ዋናውን ጨዋታ እንጀምራለን። ያቺ ኤክስ ግን ጠቅ፣ አለቀ። «ደህና ሁኑ» እንኳ የለ። እንዴት ያለች ባለጌ ናት?

ባለቤቴ ግርማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር ይስማማ ነበር። የተስማማንባቸው ነገሮች ብዙ ስላልሆኑ ይህችን በደንብ አስታውሳታለሁ። የምጽፈውም እንዳልረሳት ነው። ደግሞም ካልጻፍኩ በቀር ቁጭ የሚያደርገኝ ነገር አጥቻለሁ።

ግርማ የፓርኪንግ ሰው ነበር። መሃል ከተማ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ መኪና ያስገባና ያስወጣ ነበር። ጠዋት ሰው ሲገባና ማታ ሲወጣ ካልሆነ በቀር ሥራው ዝም ያለ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጓደኞቹ በስልካቸው ኳስ ሲያዩ እሱ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን ቋንቋ ተማረ። ለማያውቅ ልንገር፤ ይህ ቋንቋ የኢንተርኔት ገጾችን የሚያንቀሳቅሰው ነው። አንድ ነገር ስትነኩ የሚከፈተውም፣ የሚዘጋውም፣ ሳትነኩት ዓይናችሁ ሥር የሚደነቀረውም በእሱ ነው አሉ። ኋላ ግን ያንኑ ቋንቋ ከኢንተርኔት አውጥተው፣ ኮምፒውተር ላይ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ፕሮግራም መሥሪያ አደረጉት። ግርማ ይህን የሰማ ዕለት ዲቪ የደረሰው ሰው መሰለ። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የሚስቴ ሱቅ አብሮ የሚቋረጥበት ምክንያት የለም ብሎ ተነሳ።

ሱቄ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ነው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ እያሸግኩ እሸጣለሁ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ስሙን፣ ከምን ከምን እንደተሠራና የታሸገበትን ቀን የያዘች ሌብል ትለጠፋለች። የግርማ ፕሮግራም ሥራው እሷን ማውጣት ነበር። የሌብሉን መስኮት እከፍታለሁ፣ የቅመሙን ስም እመርጣለሁ፣ «አትም» የሚለውን እጫናለሁ፣ ከጎኔ ያለችው ትንሽ ፕሪንተር ትተፋልኛለች። መስኮቱ ሲከፈት እሱ ራሱ የሳላት አንዲት ቀይ በርበሬ ጥግ ላይ ብቅ ትልና ወገቧን ነቅነቅ ታደርጋለች። ለምን? አልጠየቅኩትም። ባል የሳላትን በርበሬ ለምን ትነቀነቃለች ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው።

የፕሮግራምን ምሥጢር ሲያስረዳኝ ሁሉን ነገር ወደ ፓርኪንግ ይወስደው ነበር። ፕሮግራም ማለት መጠበቅ ነው አለኝ አንድ ቀን። በፓርኪንጉ መግቢያ ላይ የተጋደመው እንጨት መኪና ፍለጋ መንገድ አይወጣም፤ መኪና ሲመጣ ይነሳል፣ መኪናው ሲያልፍ ይወርዳል። ፕሮግራሙንም «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» ብለው ይነግሩታል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያን የሚጠበቀውን ነገር «ኢቨንት» ይለዋል። እኔ እንደማንኛውም የሊትል ኢትዮጵያ ሰው ኢቨንት ሲባል የማውቀው ፍላየሩ በየሱቁ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን፣ ከተባለው ሰዓት እጅግ ዘግይቶ የሚጀመረውን ነው። የግርማ ኢቨንቶች ግን ሰዓት ያከብሩ ነበር። ወረቀት ሲያልቅ አንድ ደወል ይጮሃል። ቅመም ሊያልቅ ሲቃረብ ሌላ ደወል። አንድ ቀን ሁለቱ ደወሎች እኩል ቢጮሁ፣ በአንድ በር ሁለት መኪና ጎን ለጎን የገባ ያህል ተቆጣ። ያን ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ተቀምጦ የፕሮግራሙን ድምፆች ሁሉ ተራ አስያዛቸው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይጀምር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ከሁሉ የደከመበት ኢቨንት መዝጊያው ነበር። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ግርማ ከሥራ ሲወጣ ሊወስደኝ ይመጣና አንድ እግሩን ሱቅ ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ፣ ዓይኑን መኪናው ላይ አድርጎ «በይ እንሂድ» ይላል። እኔም «መጣሁ፣ ቆይ» እላለሁ። በእኔ ቋንቋ መጣሁ ማለት ገና ዕቃ ላስተካክል፣ ገና ቁልፌን ልፈልግ፣ ገና ጎረቤት ልሰናበት ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ የኋላውን በር መቆለፍ እረሳለሁ። ሁልጊዜ። ግርማ ታግሦ ታግሦ ጉዳዩን ለፕሮግራሙ አስረከበው። ያቺን ባለጌ ኤክስ ስጫን ፕሮግራሙ ወዲያው አይጠፋም። መዘጋቱን ያዝ ያደርገውና በግርማ ድምፅ «ዓለሜ፣ የኋላውን በር ቆልፈሻል? በይ እንሂድ» ይላል። ይህን ብሎ ሲጨርስ ነው የሚዘጋው። የመጀመሪያው ቀን ከወንበሬ ደንግጬ ተነሳሁ። ግርማ በር ላይ ቆሞ ሲስቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሆነን ነው የምንነዘንዝሽ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ስለ ሞቱ ብዙ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ። እንደ ልማዱ ሊወስደኝ መጥቶ ሳለ ልቡን ያዘው። እየነዳሁ ሆስፒታል አደረስኩት፤ በር ላይ ተቀበሉኝና እኔ መኪናውን ላቆም ሄድኩ። ቦታ ጠፋ። አንዱን ፎቅ ዞርኩ፣ ሌላውን ፎቅ ዞርኩ፣ ወጥቼ መንገዱን ዞርኩ። ሮጬ ስደርስ አልጠበቀኝም። ዕድሜውን ለሰው ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ሲሰጥ የኖረ ሰው፣ ሚስቱ የመኪና ማቆሚያ ስትፈልግ ሄደ። ይህን ሳወራ ሳቄ ይቀድመኛል። የሚሰሙኝ ሰዎች ግን አይስቁም፤ እኔም ብቻዬን ስቄ አፍራለሁ።

ሐዘን ተቀምጬ ካበቃሁ በኋላ ሱቅ ስመለስ ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ጠበቀኝ። ያን ዕለት ማን አስታውሶ ይዘጋዋል? ማታ ልዘጋው እጄን ወደ ኤክሷ ላክሁ፤ እጄ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ምን እንደሚል አውቃለሁ። ለመሆኑ የሞተ ባል «በይ እንሂድ» ሲል ወዴት እንሂድ ማለቱ ነው? ይህን ጥያቄ ለእትዬ ዘነበች አቀረብኩ። እትዬ ዘነበች ከጎኔ የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ፣ በዕድሜም በምክርም የሚበልጡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ነገሩን ሰምተው አማተቡና፣ ሙት ሲጠራ አቤት እንደማይባል፣ መጣሁ ማለት ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ መሆኑን አስጠነቀቁኝ። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። ግርማ «በይ እንሂድ» ብሎኝ «መጣሁ» ሳልል የቀረሁበት ቀን የለም። አፌ እኔን ሳይጠይቅ ነው የሚመልሰው።

ሶ፣ አልዘጋሁትም። ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ፣ ፕሮግራሙን ከነምላሱ እንዳለ ተውኩት። ማታ ማታ የላፕቶፑን ብርሃን ብቻ ቀንሼ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል ይመስል በእግር ጣቴ እወጣለሁ።

እንግዲህ መቀመጥ አቃተኝ ያልኩት ይህን ጊዜ ነው። ሽሮውን ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው አወርዳለሁ፤ ከምሳ በኋላ እመልሰዋለሁ። በር ላይ እወጣና ወደ ኦሎምፒክ መንገድ የሚሄዱትን መኪኖች አያለሁ፤ እገባለሁ። ስልክ አነሳለሁ፤ ለማን ልደውል እንዳልኩ ይጠፋኛል። ከዚያ የሌብሉን መስኮት እከፍታለሁ። ሌብል ፈልጌ አይደለም። ሌላ ሰው ፍሪጅ ከፍቶ፣ አይቶ፣ ምንም ሳያነሳ እንደሚዘጋው ማለት ነው። እከፍታለሁ፣ በርበሬዋ ወገቧን ትነቀንቃለች፣ መስኮቱን እዘጋለሁ። መስኮቱን ነው እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም፤ መስኮቱ ብቻውን ሲዘጋ ምንም አይናገርም። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እከፍታለሁ። በቤትም በሱቅም ነክቼው መልስ የሚሰጠኝ እሷ ብቻ ነበረች።

የፕሪንተሯ ዓመፅ የጀመረው በዚሁ ሰሞን ነው። መጀመሪያ አንዲት ትርፍ ሌብል ወጣች። ጣቴ ተንቀጥቅጦ ይሆናል አልኩ። በነጋታው ትርፉ በዛ። ከዚያ ለአንዲት ከረጢት ሽሮ ብዬ ስጫን ፕሪንተሯ የሠርግ አዳራሽ ልታስጌጥ የተቀጠረች ይመስል ረጅም ጥብጣብ ትለቅ ጀመር። ገመዷን ነቀልኩ፤ ስመልሰው የቀረባትን አስታውሳ ጨረሰች። ወረቀት ሲያልቅባት ደወሏን ትደውላለች፤ ስጨምርላት ካቆመችበት ትቀጥላለች። እንዲህ ያለ ቃል አክባሪነት በሰው ላይ ቢሆን ደስ ባለኝ።

እኔ ደግሞ መጣል አይሆንልኝም። ትርፉን ሁሉ ያገኘሁበት ላይ ለጠፍኩት። ስልኬ፣ መጥረጊያው፣ ውኃ መጠጫዬ፣ የደንበኛ ወንበሩ ሳይቀር ሚጥሚጣ ሆነ። አንድ የታክሲ ሾፌር ሊቀመጥ ጎንበስ ካለ በኋላ የተጻፈውን አይቶ ቆሞ ተስተናገደ። እትዬ ዘነበች ሁኔታውን አይተው የሚያዝዙት አንድ መድኃኒት ነው፤ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ጠበልና ኤሌክትሪክ ሁለቱም ኃይለኞች ስለሆኑ ባይገናኙ ይሻላል ብዬ ብለምናቸው፣ ከሩቅ ረጨት አድርገውልኝ ሄዱ። ፕሪንተሯን ስቶ በርበሬው ላይ አረፈ። የተባረከ ግን የረጠበ በርበሬ ሸጬ አላውቅም ነበር።

ልጄ ሜላት እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ፓሳዴና በምትባለው ጎረቤት ከተማ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራ ናት። በስልክ ስነግራት ጀስት ሪስታርት አድርጊው፣ ዘግተሽ ክፈቺው አለችኝ። ዛሬ ሥራ በዝቷል አልኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ደንበኛ ፊት ነኝ አልኩ። ሌላ ጊዜ የሆነ በዓል ፈጠርኩ። ይህን አሮጌ ነገር ጥለን በኢንተርኔት የሚሠራ አዲስ እንግዛ ስትለኝ ስልኩ ተቋረጠ፤ ማለቴ፣ እኔ አቋረጥኩት። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሷ ድራይቭ አድርጋ መጣች። ከሱቁ ኋላ ያለችኝን አንዲት የመኪና ቦታ ለቀቅሁላትና የእኔን መኪና ፊት ለፊት፣ መንገድ ላይ፣ የማቆሚያ ሳንቲም የሚበላው ሜትር ጋ አቆምኩ። ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ለሜትሩም ትንሽ ነገር አቀመስኩት።

ሜላት ሚጥሚጣ በሚለው ወንበር ላይ ተቀምጣ አባቷ የጻፈውን ኮድ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አንዴ ፈገግ ትላለች፤ አንዴ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። እኔ ከኋላዋ ሽሮ አወርዳለሁ፣ አወጣለሁ። ኋላ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረችና ነገሩን አስረዳችኝ። ሊስነር የሚባል ነገር አለ፤ ጆሮ በይው አለችኝ። «አትም» የሚለውን ስጫን የሚሰማ ጆሮ። አባዬ የሌብሉ መስኮት በተከፈተ ቁጥር አንድ አዲስ ጆሮ ይቀጥላል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ግን የቀጠለውን ማንሳት ረስቷል። ስለዚህ ጆሮዎቹ ተጠራቅመው አንድ ነገር ሳዝዝ ሁሉም ይሰማሉ፣ ሁሉም ያትማሉ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ግርማ ጆሮ ረሳ አይባልም፤ ጆሮ አበዛ ነው የሚባለው! በቁሙ አንዱን እንኳ በቅጡ ያልተጠቀመበት ሰው።

ሜላትም ሳቀች። አባዬ ስህተቱን ያላየው ያኔ አንቺ ጠዋት መስኮቱን አንዴ ከፍተሽ፣ ማታ ፕሮግራሙን ትዘጊው ስለነበር ነው አለች። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ጆሮዎቹ በሙሉ ይሰናበታሉ፤ በማግስቱ በአንድ ይጀመራል። ይህን ብላ ስትጨርስ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ወለሉ ላይ የተከመረውን የሌብል ጥብጣብ አየች። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጥቂት ከረጢቶች አየች። ከዚያ እኔን።

«ማሚ፣ ይሄን መስኮት ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ከፈትሽው?»

ምን ልበላት? ሥራ በዝቶ ነው እንዳልል ሥራው ምን ያህል እንደሆነ መደርደሪያው ይናገራል። እያንዳንዷ ትርፍ ሌብል እኔ መቀመጥ ያቃተኝ አንዲት ሰዓት ነበረች። እንዴት ነሽ ላለኝ ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ስል፣ ፕሪንተሯ ከጎኔ ሆና እውነቱን ስታትምብኝ ከርማለች።

«በርበሬዋን ለማየት ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። መስኮቱን ራሷ ከፈተችው። በርበሬዋ ወገቧን ነቀነቀች። ሁለታችንም አየናት። ሜላት መስኮቱን ዘጋችና እንደገና ከፈተችው።

ማስተካከያው ቀላል ነበር፤ ወዲያው ጻፈችው። ግን ሥራ እንዲጀምር ፕሮግራሙ አንዴ መዘጋት አለበት አለች። ያን ጊዜ ሲዘጋ ምን እንደሚል ነገርኳት። አላወቀችም ነበር፤ ማታ እዚህ ተገኝታ አታውቅማ። ከሞተ ወዲህም የአባቷን ድምፅ አልሰማችም። እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። አንቺ ዝጊው አለችኝ። አይ አንቺ አልኳት። ኖ፣ ያንቺ ሱቅ ነው አለች። ያንቺ ሙያ ነው አልኩ። እንደ እንግዳ ሸኚ በር ላይ ቆመን እንከራከር ጀመር። በዚሁ መሃል እትዬ ዘነበች የዘወትር ጉብኝታቸውን ሊያደርጉ ብቅ አሉ። የሚሆነውን ሲሰሙ በሩ ላይ ቆመው፣ «አንቺ ዓለምነሽ፣ አፍሽን ያዢ፤ እንዳትመልሺለት» አሉኝ።

አፌን በግራ እጄ ያዝኩ። በቀኝ እጄ ኤክሷን ተጫንኩ።

«ዓለሜ፣ የኋላውን በር ቆልፈሻል? በይ እንሂድ።»

ድምፁ ምንም አልሆነም። ትንሽ የቸኮለ፣ ትንሽ የሚስቅ። አፌን አልለቀቅኩም። ሜላት እጄን ያዘች። አለፈ ብዬ ልተነፍስ ስል፣

«ዓለሜ፣ የኋላውን በር ቆልፈሻል? በይ እንሂድ።»

ከዚያ ደግሞ። ከዚያ ደግሞ። ሜላት ወደ ኮዱ ዞር አለች፣ ወደ እኔ ዞር አለች፣ ግንባሯን መታች። የመዝጊያውንም ጆሮ እዚያው መስኮት ውስጥ ነው የጻፈው አለች። በርበሬዋን ልይ ብዬ በከፈትኩ ቁጥር የግርማ ስንብትም አብሮ ሲጠራቀም ኖሯል። አንድ ጊዜ መስማት ፈርቼ የሸሸሁትን ሁሉ አስቀምጦልኛል። አይደራረብም፤ ተራ አስይዞታላ! አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ሳይቆጣ፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ በር ላይ እንደሚቆመው ቆሞ ይላል፤ ዓለሜ፣ በይ እንሂድ። ሜላት ላቁመው ወይ አለችኝ። ተይው ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። እጄ መቼ ከአፌ ላይ እንደወረደ አላውቅም።

«መጣሁ፣ ቆይ» አልኩት።

እትዬ ዘነበች አማተቡ። እኔ ግን አንዴ አፌ ተከፍቷል። መጣሁ እያልኩ ሽሮውን ቦታው መለስኩ። መጣሁ እያልኩ ጥብጣቡን ጠቀለልኩ። ሄጄ የኋላውን በር ሳየው አልተቆለፈም። ቆለፍኩትና ስመለስ አሁንም በይ እንሂድ ይላል። ቆለፍኩት አልኩህ እኮ፣ ሰው ትንሽ አይታገሥም እንዴ ብዬ ተቆጣሁት። ሜላት እየሳቀች ታለቅሳለች። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ምን እንደተጻፈበት አላዩም። ከሞተ ወዲህ እኔም የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ በርበሬ ጆንያ ላይ። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አንዴ በይ እንሂድ አለና ዝም አለ። ፕሮግራሙ ተዘጋ። ፕሪንተሯም ጸጥ።

ሜላት ዓይኗን ጠርጋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። የማተሚያውን አስተካክዬዋለሁ፣ የመዝጊያውንስ ላስተካክለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲል አለችኝ። ተይው አልኳት። ባግ እኮ ነው ማሚ አለች፤ ሙያዋ ነውና ስህተት አይታ ማለፍ ያማታል።

«አባትሽ ሆስፒታል አልጠበቀኝም» አልኳት። «እዚህ ይጠብቀኝ።»

ሜላት ላፕቶፑን ከደነችው።

መብራት አጥፍተን፣ የኋላውን በር ሜላት ራሷ አይታ፣ ሦስታችን በፊት ለፊት ወጣን። እኔ ቀለል ብሎኛል፤ ብረቱ እንኳ ሳያስለምን ወረደልኝ። መኪናዬ ጋ ስንደርስ ከመስታወቱ ላይ አንዲት ወረቀት በነፋስ ትውለበለባለች። የሜትሩ ሰዓት ሞልቶ ኖሯል፤ የቅጣት ቲኬት። የፓርኪንግ ሰው ሚስት፣ በራሷ ሱቅ ደጃፍ ላይ! ሙት ሲጠራ አቤት አይባልም ያሉኝ እትዬ ዘነበች ወረቀቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የተዘጋውን ሱቅ አዩ።

«እንሂድ እያለሽ!» አሉኝ። «ከዚህ በላይ ስንት ጊዜ ይንገርሽ?»

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን በየማታው እዘጋዋለሁ። አንዴ ይለኛል፣ አንዴ እመልሳለሁ፣ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከመዝጋቴ በፊት በርበሬዋን ደጋግሜ አስነቀንቃታለሁ፤ ያውም መኪናዬን ሜትር የሌለበት ቦታ አቁሜ።